ምግብን በቤት ማቆየት ያዋጣል ወይ?

በአገራችን በአብዛኛው ቦታ እህል የሚታጨደው በዓመት አንድ ጊዜ ነው። ሆድ ግን በየቀኑ ይጠይቃል። በኅዳርና በታኅሣሥ ወደ ጎተራ የገባው እህል እስከሚቀጥለው አዝመራ ድረስ መቆየት አለበት። በጥር ጎተራው ሙሉ ነው፤ ሠርጉም ድግሱም የሚበዛው ያኔ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ሲመጣ ግን በብዙ ቤት ጎተራው ይራቆታል። ያኔ ገበሬው በጥር በርካሽ የሸጠውን እህል በውድ ዋጋ መልሶ ይገዛል።

እህሉ የት ሄደ? ከፊሉ ተበልቷል፤ ከፊሉ ተሸጧል፤ ከፊሉ ለዘር ተቀምጧል። ከዚህ ሌላ ግን ማንም ሳይበላው፣ ማንም ሳይሸጠው የጠፋ አለ። ነቀዝ የቦረቦረው፣ አይጥ የዘረፈው፣ ሻጋታ ያበላሸው ማለት ነው። ይህም እህል ታርሶበታል፣ ታርሞበታል፣ ታጭዶበታል፣ ተወቅቶበታል። ስለዚህ የጠፋው እህሉ ብቻ አይደለም፤ ድካሙም ጭምር ነው።

«ታዲያ ምግብን ለማቆየት መልፋት ያዋጣል ወይ?» ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ ግን «አዎ» ወይም «የለም» ብቻ አይደለም። አንዳንዱ ልፋት እጥፍ አድርጎ ይከፍላል። አንዳንዱ ደግሞ ጉልበትና ማገዶ ጨራሽ ነው። በዚህ ትምህርት ሁለቱን ለይተን እንመለከታለን።

1. ምግብ ለምን ይበላሻል?

ምግብን የሚያበላሹ ጠላቶች ሦስት ናቸው። አንደኛው በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ሕያዋን ናቸው። እነዚህ ጀርሞች ይባላሉ። ሻጋታም የእነሱ ወገን ነው። ሁለተኛው ነቀዝና ብል ነው። ሦስተኛው አይጥ ነው።

ወተት የሚመጥጠው፣ ሥጋ የሚሸተው በጥቃቅን ሕያዋን ምክንያት መሆኑን ያስረዳው ሉዊ ፓስተር የተባለ የፈረንሳይ አገር ሊቅ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሕዝቡ «ፓስተር» እያለ የሚጠራው የጤና ተቋም ስሙን ያገኘው ከዚህ ሰው ነው።

ጀርሞች ለመራባት ውኃና ሙቀት ይፈልጋሉ። ውኃውን ካሳጣናቸው መራባት ያቆማሉ። ጨው ስንጨምር ውኃውን ይስብባቸዋል። ምግቡን በደንብ ስናኮመጥጠው ብዙዎቹ አይችሉትም። በእሳት ስናበስለው ደግሞ ብዙዎቹ ይሞታሉ። እንግዲህ ምግብን የማቆየት ዘዴ አብዛኛው ከእነዚህ አይወጣም፤ ማድረቅ፣ በጨው ማሸት፣ ማኮምጠጥ፣ በእሳት ማብሰልና አየር መከልከል ነው።

2. በቤታችሁ ያለው እውቀት

ይህ እውቀት ከከተማ የመጣ አዲስ ነገር አይደለም። እኛ ለማስተማር የመጣን ተማሪዎች ስሙን ከመጽሐፍ አወቅነው እንጂ ሥራው ከእናንተ ቤት ነው ያለው።

ቋንጣን እንውሰድ። ቀዩ ሥጋ በረጅሙና በስሱ ይዘለዘላል። ጨውና በርበሬ ይታሻል። ከዚያም ንፋስ በሚያገኘው ቦታ በገመድ ላይ ይሰቀላል። ከ4 ኪሎ ሥጋ ደርቆ የሚቀረው ከ1 ኪሎ ጥቂት የሚበልጥ ነው። የቀረው ሁሉ ውኃ ነበር። ሥጋው ወፍሮ ከተዘለዘለ ግን ላዩ ይደርቅና ውስጡ እርጥብ ሆኖ ይበሰብሳል። በክረምትም ቋንጣ መስቀል ትርፉ ድካም ነው፤ አየሩ ራሱ እርጥብ ነውና።

ቅቤ ሲነጠር ምን ይሆናል? ውስጡ የነበረው ውኃ በእሳቱ ይተናል። የወተቱ አተላ ደግሞ ወደ ታች ይዘቅጣል። ጀርም የሚኖርበት ውኃና አተላ ስለሌለ የተነጠረ ቅቤ ካልተነጠረው በጣም ይቆያል። ኮሰረቱና ኮረሪማው ሽታውን ያሳምሩታል። ነገር ግን እርጥብ ማንኪያ ከገባበት ልፋቱ ከንቱ ይሆናል፤ ውኃውን መልሰን ሰጠነው ማለት ነው።

በጉራጌና በሲዳማ አገር ደግሞ የእንሰት ቆጮ ጉድጓድ ውስጥ በቅጠል ተሸፍኖ ይቦካል። ቆጮው ስለሚኮመጥጥ ጀርሞች አያበላሹትም፤ ለወራት፣ ከዚያም በላይ ይቆያል። ቆሎው፣ በሶው፣ ድርቆሹ፣ ሽሮውም እንዲሁ በማድረቅና በእሳት የተሠሩ ስንቆች ናቸው። መንገደኛ በሶ ይዞ የሚሄደው ያለ ምክንያት አይደለም።

3. ዋናው ነገር እህል ነው

በገበሬ ቤት ዋናው ሀብት ግን ቋንጣና ቅቤ አይደለም፤ እህል ነው። ስለዚህ ልፋታችንን በመጀመሪያ ማዋል ያለብን እህሉ ላይ ነው።

ነቀዝ እንዴት ይሠራል? እንስቷ ነቀዝ የበቆሎውን ወይም የማሽላውን ፍሬ ትቦረቡርና አንድ እንቁላል ታስቀምጥበታለች። ቀዳዳውንም መልሳ ትደፍነዋለች። ትሉ እዚያው ውስጥ ሆኖ ፍሬውን እየበላ ያድጋል። በሞቃት ቦታ ከአንድ ወር ጥቂት አለፍ ሲል ጎልማሳ ነቀዝ ሆኖ ቀዳዳ አበጅቶ ይወጣል። እኛ ቀዳዳውን ስናይ ነቀዙ በልቶ ጨርሷል። አንዷ እንስት በዕድሜዋ በመቶ የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። ቆላ ላይ ፈጥኖ ይራባል፤ ደጋ ላይ ብርዱ ያዘገየዋል። ነቀዙ ብዙ ጊዜ ገና ከማሳው ጀምሮ ከእህሉ ጋር ይመጣል።

ጤፍን ግን ነቀዝ አይደፍረውም። ፍሬው እጅግ ትንሽ ስለሆነ ትሉ ውስጡ ማደግ አይችልም። በአንዳንድ አገር ገበሬዎች ጤፍን ከባቄላ ወይም ከበቆሎ ጋር ደባልቀው የሚያስቀምጡት ለዚህ ነው። ጤፉ በፍሬዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ይሞላና ነቀዙን መተላለፊያ ያሳጣዋል። ሲፈለግ በወንፊት መለየት ነው።

እህልን ለማቆየት የሚከተሉትን እንሥራ፦

ሀ) እህሉን በደንብ ማድረቅ። እህል መሬት ላይ ሳይሆን ሸራ ወይም ሰሌን ላይ ይሰጣል፤ እርጥብ መሬት ሻጋታ ያመጣልና። እየተገላበጠ ይድረቅ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደተባለው ሳይደርቅ የገባ እህል በኋላ ተመልሶ ይወጣል፤ ያኔ ግን ሻግቷል።

ለ) መድረቁን በጨው መፈተን። ደረቅ ክዳን ያለው ጠርሙስ አምጡ። ሲሶውን ያህል እህል ጨምሩበት። ሁለት ሦስት ማንኪያ በደንብ የደረቀ ጨው አክሉ። ክደኑና አንድ ደቂቃ ነቅንቁት። ሩብ ሰዓት ያህል አስቀምጡት። ጨው በጠርሙሱ ጎን ከተጣበቀ እህሉ ገና እርጥብ ነው፤ ወደ ፀሐይ ይመለስ። ጨው ካልተጣበቀ ደርቋል። ይህ ፈተና ከጥቂት ጨው በቀር ምንም አያስወጣም።

ሐ) ጎታውንና ጎተራውን ማጽዳት። አዲስ እህል ከመግባቱ በፊት አሮጌው ተጠራርጎ ይውጣ፤ ስንጥቁ በጭቃና በእበት ይመረግ። በስንጥቅ ውስጥ የቀረ ጥቂት ነቀዝ ለአዲሱ እህል ዘር ነው። አሮጌና አዲስ እህል አይደባለቅ።

መ) አይጥን መከልከል። የጎተራው እግር ወገብ ያህል ከመሬት ከፍ ይበል። በየእግሩ ላይ እንደ ጃንጥላ የተደፋ ቆርቆሮ ይደረግበት። አይጥ ቆርቆሮውን ዞሮ ማለፍ አይችልም። ጎተራው ከዛፍና ከግድግዳ ይራቅ፤ አለዚያ ዘሎ ይገባል።

ሠ) አየር መከልከል። ነቀዝም እንደ እኛ ይተነፍሳል። አየር ሲያጣ ይሞታል። አሁን በብዙ ቦታ የሚሸጥ ውስጡ ሁለት ወፍራም የላስቲክ ከረጢት ያለው ጆንያ አለ፤ ፒክስ ይባላል። ዘዴው በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በካሜሩን አገር ተጀመረ። የደረቀው እህል ይሞላል፤ አየሩ ተጨምቆ ይወጣል፤ እያንዳንዱ ከረጢት ለየብቻው ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል። በየቀኑ እየፈቱ መጨለፍ አይገባም። ቢያንስ ለጥቂት ሳምንት ታስሮ ይቆይ። መድኃኒትም አያስፈልገውም። እርጥብ እህል ግን አይግባበት።

የሐረርጌ ገበሬ ማሽላ በጉድጓድ ማቆየቱም ያው ዘዴ ነው። ጉድጓዱ ሲደፈን አየሩ ያልቅና ነቀዙ ይታፈናል። ጉዳቱ የመሬቱ እርጥበት ማሽላውን ዳር ዳሩን ማሻገቱ ነው። ጉድጓዱ ሲከፈትም ወዲያው መግባት ሕይወት ያስከፍላል፤ የታፈነው አየር ሰውንም ያፍናልና። ከፍቶ በደንብ ማናፈስ፣ ብቻን አለመግባት ያስፈልጋል።

4. ሂሳቡን እንሥራ

መቁጠር ተምረናል አይደል? እንግዲህ እንጠቀምበት።

ስድስት ሰው ያለበት ቤት እንውሰድ። ለአንድ ሰው በቀን ግማሽ ኪሎ እህል እንበል። ለስድስቱ በቀን 3 ኪሎ ይሆናል። በዓመት 365 ቀን አለ። 365 × 3 = 1,095 ኪሎ። ስለዚህ 11 ኩንታል እህል ያስገባ ቤት ዓመቱን ለጥቂት ይደርሳል።

አሁን ከአሥሩ አንዱን ነቀዝና አይጥ ይብላው እንበል። ከ11 ኩንታል 110 ኪሎ ጠፋ። 110 ኪሎ ለ3 ሲካፈል 36 ቀን ይደርሳል። ከአንድ ወር በላይ ቀለብ ማለት ነው። ይህ የጎደለው ደግሞ በጥር አይታወቅም። የሚታወቀው በመጨረሻ ነው፤ አዲሱ እህል ገና ማሳ ላይ እያለ፣ ገበያው ሲወደድ።

ወጪውንስ? አንዱ ፒክስ ከረጢት ከ4 ኪሎ እህል ዋጋ ጋር እኩል ነው እንበል። እናንተ የገበያችሁን ዋጋ አስገቡበት። ለሁሉም ኩንታል ከረጢት መግዛት አያስፈልግም። የመጀመሪያው 4 ኩንታል በአራት ወር ተኩል ውስጥ ስለሚበላ ነቀዝ ብዙ ሳያጠፋው ያልቃል። ከረጢት የሚያስፈልገው ለቀሪው 7 ኩንታል ነው። 7 × 4 = 28 ኪሎ። ከረጢቱ ካልተቀደደ ሁለት ዓመት ያገለግላል፤ ለዓመት 14 ኪሎ ይደርሰዋል። ከሚጠፋው 110 ኪሎ ግማሹን ብቻ ቢያድንልን 55 ኪሎ ነው። 55 − 14 = 41 ኪሎ ትርፍ። የስድስት ሰው ከ13 ቀን በላይ ቀለብ ተገኘ። ይህ ያዋጣል።

ማድረቁ፣ ማጽዳቱና የጨው ፈተናውስ? እነዚህ ገንዘብ አያስወጡም ማለት ይቻላል። እነሱን መተው ግን በጣም ያስወጣል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ዕዳ ያለበት ገበሬ ሁሉን እህል ማቆየት እንደማይችል እናውቃለን። ማዳበሪያ ያበደረ ይጠይቃል፤ ግብርም አለ። ቢሆንም እህሉ ገና ከአውድማ ሲገባ በሦስት ይከፈል፤ አንደኛው ለዘር፣ ሁለተኛው ለቀለብ፣ ሦስተኛው ለገበያ። ዘሩ መጀመሪያ ይለይ፤ ከሁሉ የደረቀውና የተመረጠው ይሁን። የቦረቦረው ዘር ቢዘራም በደንብ አይበቅልም። ለገበያ የተለየው ዕዳውን ይክፈል። ሁሉንም ሸጦ ሁሉንም መግዛት ግን ሁለት ጊዜ መክሰር ነው፤ ሲሸጥ በርካሽ፣ ሲገዛ በውድ።

5. የማያዋጣው ልፋት

አሁን ደግሞ ወደ ሌላው ጎን እንሂድ። ማቆየት የሚቻል ነገር ሁሉ መቆየት አለበት ማለት አይደለም።

ቲማቲምን እንመልከት። 10 ኪሎ ቲማቲም ሲደርቅ የሚቀረው 1 ኪሎ እንኳ አይሞላም። መክተፉ፣ መስጣቱ፣ ከዝንብና ከዶሮ መጠበቁ የብዙ ቀን ሥራ ነው። ገበያ ቅርብ ከሆነ ትኩሱን መሸጥ ይሻላል። ገበያው ሩቅ ሆኖ ቲማቲሙ መሬት ላይ ሊበሰብስ ከሆነ ግን ማድረቅ ከመጣል ይሻላል። ጎመንም እንዲሁ ነው። ጎመንን አድርቆ ከማቆየት ይልቅ የእጅ መታጠቢያው ውኃ የሚፈስበት ቦታ ላይ ጥቂት መደብ ጎመን ተክሎ በበጋም ትኩስ መቅጠፍ ያዋጣል። ድንች ደግሞ ለማድረቅ ማገዶና ጉልበት ይፈጃል። ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ ማስቀመጥ ይበቃዋል። ብርሃን አግኝቶ አረንጓዴ የሆነ ድንች ግን ይመራል፤ ያሳምማልም፤ አይበላ።

ለጤፍ ከረጢት መግዛትም ገንዘብ ማባከን ነው። ጤፍ መድረቅና ከአይጥ መጠበቅ ይበቃዋል። ሽሮም ቢሆን የዓመቱን በአንድ ጊዜ ከመፍጨት ሦስት አራት ወር የሚበቃውን ማዘጋጀት ይሻላል፤ ዱቄት ሲቆይ ጣዕሙ ይለወጣል፣ ብልም ይገባበታል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቅ። ካልቆየ ይጣላል ወይስ ይሸጣል? ለማቆየት ስንት ቀን ጉልበትና ስንት ሸክም እንጨት ይፈጃል? ሲቆይ የሚጠቅመን መቼ ነው? የሦስቱ መልስ ካልገጠመ ልፋቱ ይቅር።

6. ለማዳን ሲባል መግደል እንዳይሆን

አንዳንድ ነገር ማቆየት ከማይጠቅምነቱ አልፎ ይገድላል። እነዚህን በደንብ እንያዛቸው።

የሻገተ እህል፣ የሻገተ በርበሬ፣ የሻገተ ለውዝ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊኖረው ይችላል። መርዙ ጉበትን ይጎዳል። ቢታጠብ፣ ቢቆላ፣ ቢጋገር አይለቅም። ለላም ቢሰጣትም በወተቷ ተመልሶ ወደ ልጆቻችን ይመጣል። የሻገተ እንጀራም ላዩን ቀርፎ መብላት አይበቃም፤ ሻጋታው ሥሩን ወደ ውስጥ ሰዷል። ይጣል። እንጀራው ሊሻግት ሲል ሳይሆን ገና ደህና ሳለ ድርቆሽ ይደረግ።

በድንገት ከሞተ ከብት ቋንጣ አይሠራ። ከብቱ ተነፍቶ፣ ከአፍንጫውና ከአፉ ጥቁር ደም ከፈሰሰው አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል። የአባ ሰንጋን ጀርም ድርቀት አይገድለውም፤ ለብዙ ዓመት በአፈር ውስጥ እንኳ ይኖራል። ቆዳውን መግፈፍም ሰውን ይይዛል። አንድ በሬ መሞቱ ከባድ ኪሳራ መሆኑ ይገባናል። ግን በሬውን ለማትረፍ ቤተሰብ አይከተለው። ሳይነካ ለእንስሳት ጤና ሠራተኛ ይነገር፤ ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ ይቀበር።

የነቀዝ ክኒን በመኖሪያ ቤት አይደረግ። ክኒኑ እርጥበት ሲያገኝ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ነቀዙን የሚገድለው ጋዝ የተኛውን ሰውም ይገድላል። የልማት ሠራተኛውን ሳይጠይቁ አለመንካት ነው።

የበሰለ ወጥ ወይም አትክልት በጠርሙስ አሽጎ ማቆየትም አደገኛ ነው። «አየር መከልከል ይጠብቃል ብላችሁ አልነበረም?» ትሉ ይሆናል። አየር መከልከል የሚጠብቀው ደረቁን እህል ነው። ቆጮም የሚቆየው ስለሚኮመጥጥ ነው። እርጥብ ሆኖ ያልኮመጠጠ ምግብ ሲታሸግ ግን አየር የማይፈልግ ሌላ ጀርም ይራባበታል። እሱ የሚያወጣው መርዝ ሽታ ላይኖረው ይችላል፤ ሰውን ግን ይገድላል። ፋብሪካ በልዩ መሣሪያና በከፍተኛ ሙቀት የሚሠራውን በቤት ድስት አንሞክር።

7. ልፋቱ የማን ነው?

ስለ ማዋጣትና አለማዋጣት ስንነጋገር አንድ ነገር መዘንጋት የለብንም። እህሉን የምታሰጣው፣ የምታበጥረው፣ የምትቆላው፣ ቅቤ የምታነጥረው፣ በርበሬ የምትቀነጥሰው ሴቷ ናት። በዚያ ላይ ውኃ ትቀዳለች፣ እንጨት ትለቅማለች፣ ልጅ ታዝላለች። የእሷ ቀን ካልተቆጠረ ሂሳቡ ትክክል አይደለም። «ነፃ ነው» የምንለው ሥራ ሁሉ ነፃ አይደለም፤ እሷ ከፍላበታለች።

ስለዚህ ሥራው ይከፈል። ጎተራ መምረግ፣ ቆርቆሮ መግጠም፣ ጆንያ ማሰር፣ እህል ማገላበጥ የወንዱም ሥራ ነው። ስንት ኩንታል ይሸጥ፣ ስንት ይቀመጥ የሚለውም ለሁለቱ ምክር ነው። በነሐሴ «ምን ልስጣቸው?» ብላ የምትጨነቀው እሷ ናትና በጥር ስትናገር ትሰማ። አሁን መጻፍ ስለቻልን የገባውንና የወጣውን እህል በየወሩ በደብተር እንመዝግብ። የቤቱ ልጆች ይርዱን።

ለማጠቃለል፦ ምግብ ማቆየት ያዋጣል፤ ግን ሁሉም ምግብ፣ በሁሉም ጊዜ አይደለም። እህልን አድርቆ፣ ፈትኖ፣ ከነቀዝና ከአይጥ መጠበቅ ከሁሉ በፊት ይመጣል። ቅቤና ቋንጣ በወቅቱና በጥንቃቄ ሲሠሩ ይከፍላሉ። ትኩሱን መሸጥ ወይም ማብቀል የሚቻለውን ለማድረቅ መድከም አያዋጣም። የሻገተውንና የታመመውን ማቆየት ደግሞ ጥፋት ነው።

የቃላት ፍች

ነቀዝ፦ እህል እየቦረቦረ የሚበላ ትንሽ ተባይ
ጀርም፦ በዓይን የማይታይ ጥቃቅን ሕያው
ሻጋታ፦ በእርጥብ ምግብ ላይ የሚበቅል ጥጥ መሰል ነገር
አፍላቶክሲን፦ ከሻጋታ የሚወጣ መርዝ
አባ ሰንጋ፦ ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፍ ገዳይ በሽታ
ሲሶ፦ ከሦስት አንድ እጅ

ጥያቄዎች

1. እህል መድረቁን በጨው እንዴት እንፈትናለን? በቅደም ተከተል ጻፉ።
2. ነቀዝ ጤፍን ለምን አይጎዳውም?
3. በቤታችሁ ስንት ሰው አለ? ለአንድ ሰው በቀን ግማሽ ኪሎ ብላችሁ የዓመቱን ቀለብ አስሉ። ከዚያ ከአሥር አንዱ ቢጠፋ የስንት ቀን ቀለብ ይጎድላል?
4. በገበያችሁ የአንድ ከረጢት ዋጋ ስንት ኪሎ እህል ይገዛል? ለእናንተ ያዋጣል? ምክንያታችሁን ጻፉ።
5. በቤታችሁ ከሚቆየው ምግብ ልፋቱን የማይከፍል የትኛው ነው? ከቤተሰባችሁ ጋር ተነጋገሩበት።